ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ

በ2094 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ሰው ይስማማ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ይስማማል፣ የፋርማሲዋ ባለቤት ትስማማለች፣ የታክሲው ሹፌር አንድ እግሩን ከመኪናው አውጥቶ እያዛጋ ይስማማል። ማታ የተዘጋው ስክሪን ጠዋት ሲከፈት አዲስ ውል ይዞ ይመጣል። ውሉን ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ይባላል፤ አንብቦ የጨረሰ ሰው ግን አልታየም። «ተስማምቻለሁ» ሲሉት በሩ ይከፈታል፣ ምድጃው ይሞቃል፣ መኪናው ይነሳል። ቃሉ ከየቤቱ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ለሚሰማው ሰው ትልቅ ጉባኤ ላይ ያለ ይመስለዋል።

በዚያ ሰዓት አፋቸውን ዘግተው የሚቀመጡት ጋሽ ይመር ብቻ ነበሩ።

ጋሽ ይመር የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው ናቸው። ከስምምነት ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ ይጽፋሉ። የሚጽፉበትን ኮምፒውተር ከአራት የሞቱ ኮምፒውተሮች ራሳቸው ገጣጥመውታል። በመኪና ባትሪ ይሠራል፤ የፊደል ገበታው ላይ ያሉት ፊደላት በጣት ብዛት ተፍቀው አልቀዋል። በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነጻ ነው። ሰዎች ጻፉት፣ ለሰው ሰጡት፣ የተሰጠውም አስተካክሎ ለሌላው ሰጠው፤ በዚህ መንገድ ነው እሳቸው ዘንድ የደረሰው። ሲያበሩት ይበራል፤ ተስማማ አይል፣ አትስማማ አይል።

አስተያየት ደግሞ ሞልቷቸዋል። ማመልከቻ ሊያጽፍ የመጣ ሰው መጀመሪያ ስለ ኮምፒውተር ትምህርት ሳይሰማ አይሄድም። በወጣትነታቸው በየወሩ ስለ ነጻ ሶፍትዌር ይጽፉ ነበር፤ አርባ አንድ አንባቢ ነበራቸው፤ ከአርባ አንዱ ደግሞ አርባው ይቃወማቸው ነበር።

«ምን እንደበላን ታውቃለህ?» ይላሉ ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው። «መስኮቱ የሚዘጋባት ምልክት በግራ ትሁን በቀኝ ተባብለን ተጣላን። አሥራ አንድ ዓመት! እኔ የቀኝ ወገን ነበርኩ። የግራዎቹን ሰላም አልልም ነበር። እኛ እዚያ ላይ ስንፋጅ ውል አስፈራሚዎቹ ቤቱን ከነመስኮቱ ወሰዱት።»

ሰውየው ይስቃል። ጋሽ ይመር አይስቁም።

ሌላው ሕዝብ የሚጽፈው በለዛ ነው። ለዛ የሚሉት ፕሮግራም በየስልኩና በየስክሪኑ ውስጥ አለ፤ የሰውን ጽሑፍ ያሳምራል። «ውሃ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነ» ብሎ የጻፈ ሰው ጽሑፉ «የውሃ አገልግሎቱን በጉጉት እየጠበቅን ነው» ሆኖ ይደርስለታል። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀበት። ቀጥሎ ለመደው። አሁን አንዳንዱ በአፉም እንደዚያው ማውራት ጀምሯል፤ ቀብር ላይ ቆሞ «አዲስ ምዕራፍ ጀመረ» የሚል ሰው ጋሽ ይመር በጆሯቸው ሰምተዋል።

ለዚህ ነበር እውነቱን የሚፈልግ ሰው ወደ ቆርቆሮዋ የሚመጣው። ጋሽ ይመር የተነገራቸውን ቃል ሳይቀንሱ ይጽፋሉ፣ በወረቀት ያትማሉ፣ ወረቀቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለባለጉዳዩ ያነባሉ። ባለጉዳዩ «ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ» ከሚለው ቃል ሥር ይፈርማል። ከአባታቸው የወረሱት ሥርዓት ነው፤ ሳያነቡ አስፈርመው አያውቁም። ኮምፒውተራቸው ውስጥም ያላነበቡትን ነገር አያስገቡም። የዛሬ ሁለት ዓመት ጎንደር ያለው ወዳጃቸው መኳንንት የፊደል ማስተካከያ በአውቶቡስ ልኮላቸው ነበር። ሦስት ሺህ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሦስት ቀን አነበቡት። ንጹሕ ነበር። ጫኑትና ለሌሎቹ አራት ወዳጆቻቸው አስተላለፉት።

ዓይናቸው የደከመው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ጤና ጣቢያው መነጽር በነጻ ሰጣቸው።

«ውስጡ ምን አለበት?» ብለው ጠይቀው ነበር፤ የጥርጣሬ ሰው ናቸው።

«መስታወት ነዋ፣ ጋሽ ይመር!» አለች ነርሷ፤ አብረው ሳቁ።

መነጽሩን ካደረጉ ወዲህ ከተማው ጠራላቸው። የሰዉም ፊት የፈካ መሰላቸው። ዓይን ሲደክም ለካ ዓለሙን ሁሉ ያጠቁረዋል ብለው ተገረሙ።

ኅዳር 11 ቀን፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ሴት መጣች። ዕድሜዋ ሠላሳ ሁለት ቢሆን ነው። ሀዋ ሰይድ እባላለሁ አለችና ሦስት የተጣጠፉ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይኸን አንድ ጊዜ ይዩልኝማ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ይመር የመጀመሪያውን አነሱ። «ባለቤቴ እንድሪስ ሙሄ ስለተደረገለት መልካም አያያዝ ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል። ሁለተኛውም እንደዚያው ነው። ሦስተኛው ላይ «ቤተሰቡም ደስተኛ ነው» የሚል ተጨምሮበታል።

«እኔ እንዲህ አላልኩም» አለች ሀዋ። «ወላሂ አላልኩም። ፍቱልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። ከስልኬ ላይ ሳየው የራሴ ቃል ነው። እዚያ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ምስጋና ይሆናል።»

«ለዛ ነዋ፣ ልጄ። የሰው እጅ አይደለም። ባልሽ ምን አደረገ?»

እንድሪስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መስከረም 28 ቀን ከፊቱ መንገዱ ተንዶ ሁለት መኪና ከነሰዉ ገደል ሲገባ አየ። ወዲያው በስልኩ ለሹፌሮቹ ሁሉ ጻፈ። ለዛ መልእክቱን «መንገዱ በእድሳት ላይ ነው፤ መልካም ጉዞ» አድርጎ አደረሰው። ሦስተኛው መኪና መጣና እሱም ገደል ገባ። ያኔ እንድሪስ ከመኪናው ወርዶ ከሰል ፈለገ። መንገዱ ዳር ያለው ትልቅ ድንጋይ ላይ «ተንዷል፣ ተመለሱ» ብሎ በእጁ ጻፈ። ከኋላው የሚመጡት ተመለሱ። እሱ ያለ ስምምነት ጽፏል ተብሎ ታሰረ። ዛሬ አርባ ሦስት ቀኑ ነው።

«እስከ ስድስት ሰዓት አቤቱታ ካልገባ ፋይሉ ይዘጋል ብለውኛል» አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ጨው ሜዳው ይጭኑታል።»

ጋሽ ይመር ወረቀቶቹን መልሰው አጣጠፉ። ከጨው ሜዳው ደብዳቤ ይመጣል፤ ሰው ተመልሶ መጥቶ ግን አያውቅም። ደብዳቤዎቹ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው። «አየሩ ይስማማል፤ ደህና ነኝ» ነው የሚሉት።

አንድ ነገር ግን ከነከናቸው። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ከንፈሯ ላይ ግን ፈገግ ያለች ትመስላለች። ጭንቀት አንዳንዱን ያስቀዋል ብለው አለፉት።

«አብሽሪ» አሏት። «ይቺ የኔ ማሽን ከማንም አልተዋዋለችም። እያንዳንዷን መስመር አውቃታለሁ። ያልሽው ይጻፋል፣ የተጻፈው ይታተማል። በይ ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

ጻፉ። መናዱን፣ ሦስቱን መኪና፣ ከሰሉን፣ ድንጋዩን፣ አርባ ሦስቱን ቀን ሁሉ ጻፉ። በመካከሉ ስለ ነጻ ሶፍትዌር ትንሽ ማስተማራቸው አልቀረም፤ ሀዋ ሰዓቷን እያየች አዳመጠቻቸው። መጨረሻው ላይ «ባለቤቴ ሰው አዳነ እንጂ አላጠፋም፤ ይፈታልኝ» ብለው ደመደሙት። ታተመ። ወረቀቱን ብድግ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡላት። «ሰው አዳነ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ሀዋ አለቀሰች። ፈረመች።

«መስኮት አራት ሂጂ። አስናቀ የሚባል ነው፤ ያውቀኛል። ማመልከቻዬን ይወደዋል። የእርስዎ ማመልከቻ ለንባብ ይጣፍጣል ይለኛል፣ ባገኘኝ ቁጥር።»

ሮጠች። ጋሽ ይመር መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ተደላድለው ተቀመጡ። በዚህ ሁለት ዓመት ሦስት መቶ ሰው የሚያህል ጽፈውለታል። አንዱም አልተጻፈልኝም ብሎ ተመልሶ አልመጣም። ያልተመለሰ ሰው ጉዳዩ አልቆለት ነው ይላሉ።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሀዋ ደረጃውን ስትወርድ አዩዋት። ፊቷ ፈክቷል። ተሳካ! ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ምን አድርጌህ ነው?» አለቻቸው። አንቱታው ቀርቷል። «ምን በድዬህ ነው? ስንት ቀን ተመላልሼ፣ አንተን አምኜ! ምን አስበህ ነው?»

«ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?»

«ምስጋና! እሱም ምስጋና! ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ!» ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ወረወረችው።

ጋሽ ይመር ጎንበስ ብለው አነሱት። አነበቡ። መንገዱ ተንዷል ይላል። ሦስት መኪና ይላል። ይፈታልኝ ይላል።

«ልክ እኮ ነው» አሉ። «እንደነገርሽኝ ነው። አስናቀ ተሳስቶ...» ብለው ሊያነቡላት ጀመሩ። ሀዋ ከአፋቸው ነጠቀቻቸው።

«አይልም!»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እንዲህ አይልም። ደንቆሮ ነኝ እንዴ? ማንበብ እችላለሁ እኮ። መጀመሪያ ላይ ስላመንኩህ ነው ያላየሁት።» ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። እየተንተባተበች፣ ቃል በቃል አነበበች። «ባለቤቴ... እንድሪስ ሙሄ... ስለተደረገለት... መልካም አያያዝ... ከልብ... አመሰግናለሁ።»

ጣቷ ያረፈበት ቦታ ላይ ጋሽ ይመር የሚያዩት «በከሰል ጻፈ» የሚለውን ነው።

መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁት። ወረቀቱ ነጭ ጉም ሆነ፤ ጥቁር ጥቁር ነገር ተንሳፍፎበታል፣ ፊደል ግን አይለይም። መልሰው አደረጉት። «መንገዱ ተንዷል» አለ ወረቀቱ፤ ጥርት ብሎ።

«አንቺ መነጽር የለሽም» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸው እንግዳ ሆነባቸው።

«ምን ያደርግልኛል?»

ጠረጴዛው ሥር የቅጂ ሣጥን አለ። የጻፉት ሁሉ ቅጂው እዚያ ይቀመጣል። ከላይ አንዱን መዝዘው ሰጧት። «አንብቢልኝ።» አነበበች፤ ምስጋና ነው። ከመሃል መዘዙ። ቤቷ የፈረሰባት ሴት ናት፤ የጻፉላትን ያስታውሳሉ። ሀዋ «ስለተመቻቸልኝ አዲስ ሰፈር ደስታዬ ወሰን የለውም» ብላ አነበበች። ከታች፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከተጻፉት መካከል መዘዙ። ልጁ ከእስር ቤት ሬሳው የወጣለት አባት ነው።

«ተይው» አሉ፣ ገና ማንበብ ስትጀምር። «ተይው፣ በቃ።»

ሦስት መቶ ሰው። ቆመው በአፋቸው እያነበቡለት፣ እያለቀሰ፣ አምኗቸው የፈረመ። የመኳንንትን ሦስት ሺህ መስመር ያነበቡት በምን ነበር? በዚህ፣ የተጻፈውን ሳይሆን የጠበቁትን በሚያሳያቸው መነጽር። ውስጡ የነበረውን ለዛ ሳያዩ ንጹሕ ነው ብለው በገዛ እጃቸው ጫኑት፤ ለአራቱም ወዳጆቻቸው ንጹሕ ነው ብለው ላኩላቸው። እነሱም እሳቸውን አምነው ላኩት ይሆናል። ዕድሜ ልካቸውን ኮምፒውተሩን ሲጠብቁ ኖረው ዓይናቸውን አስረክበዋል። ቅጂዎቹን ወደ ሣጥኑ መለሱ።

ሀዋ ቁጣዋ ጠፋ። ጠጋ ብላ ክንዳቸውን ያዘች። «ጋሼ፣ እርስዎ አያዩትም ማለት ነው?»

«አላየሁም፣ ልጄ።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

አምስት ተኩል ነበር።

ጋሽ ይመር መነጽሩን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከመሳቢያው ንጹሕ ወረቀትና የአባታቸውን እስክሪብቶ አወጡ። በዚያ ዘመን በእጁ መጻፍ የሚችል ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ አሮጌ መመሪያ ግን የእጅ ጽሑፍን ገና አልከለከለም። ማንም ስለማይጽፍ ረስተውት ነው። ዓይናቸው ባያይ እጃቸው ፊደሉን ያውቀዋል። ትልልቅ አድርገው፣ እየተጣመመባቸው ጻፉ። ሀዋ ከጎናቸው ቆማ እያንዳንዷን ቃል እንደወጣች ታነብላቸዋለች።

«ተንዶ... ልክ ነው። ከነሰዉ... ልክ ነው። ቀጥሉ፣ ጋሼ። ከሰል... መስመሩ ወደ ላይ ሄደ እንጂ ልክ ነው።»

ሲጨርሱ ሀዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። በአርባ ዓመት ሥራቸው የሚነበብላቸው እሳቸው ሲሆኑ ይህ የመጀመሪያው ነው። እሷ አመልካች ብላ ፈረመች። እሳቸው ከሥሯ «ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ» ብለው ጽፈው ፈረሙ።

ደረጃውን እሷ እየመራቻቸው ወጡ። መስኮት አራት ጋ ሲደርሱ ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ጋሽ ይመር ከመስታወቱ ጀርባ የሚያዩት አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ ብቻ ነው፤ ድምፁ ግን የአስናቀ ነው።

«ጋሽ ይመር! ዛሬ ደግሞ እርስዎ ራስዎ መጡ?»

«ይኸን ተቀበላት።»

ወረቀቱ በመስኮቱ ቀዳዳ ገባ። አስናቀ እንደ ሁልጊዜው ጉሮሮውን ጠረገና ለአዳራሹ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ማንበብ ጀመረ። «ባለቤቴ እንድሪስ ሙሄ ስለተደረገለት መልካም አያያዝ...»

«አይደለም!» አለች ሀዋ። «አሁን ሲጻፍ ቆሜ እያየሁ! ከሰል ነው የሚለው! ተንዷል ነው የሚለው!»

ወረፋ የያዘው ሰው ዘወር ዘወር አለ። አንድ ሁለት ሰው ፈራ ተባ እያለ አጨበጨበ።

ጋሽ ይመር ፊታቸውን ከመስታወቱ አስጠጉ። «አስናቀ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሥራ መነጽር ነው ያደረግኸው?»

«አዎ፣ ሁላችንም እኮ...»

«ያንተ ዓይን ደህና ነው። አንድ ጊዜ አውልቀውና እየው። ስለ ፈጠረህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

ጋሽ ይመር አያዩም፤ የሚሰሙት ብቻ ነው። መነጽር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰሙ። ወረቀት ሲገለበጥ ሰሙ። አስናቀ አፉን ሳይከፍት የሚያነብ ሰው አይደለም፤ ከንፈሩ ቀስ እያለ ሲያንሾካሹክ ሰሙት፤ «ተንዷል... ተመለሱ...» ትንፋሹ ተቆረጠ። አይቶታል። ጋሽ ይመር በሕይወታቸው እንደዚያ ቅጽበት ተስፋ አድርገው አያውቁም። የሀዋ ጣቶች ክንዳቸው ውስጥ ተቀበሩ።

«አየኸው?» አሉት።

«ልጆች አሉኝ፣ ጋሽ ይመር» አለ አስናቀ፤ እነሱ ብቻ በሚሰሙት ድምፅ።

መነጽሩ ከጠረጴዛው ላይ ሲነሣ ተሰማ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«...ከልብ አመሰግናለሁ» ብሎ ጨረሰው፤ ለአዳራሹ። ማኅተሙ አረፈ። «እህታችን፣ ስለ ምስጋናሽ እናመሰግናለን። ፋይሉ በመልካም ሁኔታ ተዘግቷል። የሚቀጥለው!»

ሰዉ አጨበጨበ።

ሀዋ አልጮኸችም። ጋሽ ይመርን እየመራች ወደ ውጭ ወሰደቻቸውና ደረጃው ላይ ስትደርስ ክንዳቸውን ለቀቀች። ከዚያ ድምፅዋ ከታች፣ ከእግራቸው አካባቢ መጣ። ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ፈገግታ ያልተቀላቀለበት ለቅሶ ከሰሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ባለጉዳዮቻቸው ሁሉ በጭንቀት ፈገግ የሚሉ ሰዎች ሆነውባቸው ነበር።

ይህን ሲያስቡ ደነገጡ።

ሊያጽናኗት ፈለጉ፤ የት እንደተቀመጠች ግን በደንብ አይለዩም፤ ደረጃው ደግሞ ገደላማ ነው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። መነጽሩን አወጡና ዓይናቸው ላይ አደረጉት።

ደረጃው ጠራ። አደባባዩ ጠራ፤ በአደባባዩ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ፊቱ በርቷል። ሀዋ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ቀና ብላ እያየቻቸው ነበር። ለቅሶዋ ጆሯቸው ውስጥ ይጮኻል። እሷ ግን ፈገግ ብላ፣ ጥርሶቿ እስኪታዩ ፈገግ ብላ፣ እንደ ሙሽራ ታበራ ነበር።

ጋሽ ይመር መነጽሩን አወለቁት። ደረጃው ላይ ትተውት ለቅሶውን እየተከተሉ በእጃቸው እየዳሰሱ ወረዱና አጠገቧ ተቀመጡ።